ስልክ ከመደወላችሁ በፊት

አዋቂዎችን የምታስተምሩ፣ ተማሪያችሁ ከክፍል ስትቀር ለመደወል አትቸኩሉ። ቤት ውስጥ ጥቃት የሚደርስባት ከሆነ ስልኳን ሌላ ሰው ይፈትሸው ይሆናል። «ለምን ቀረሽ?» የሚል ተራ መልእክት እንኳ ጣጣ ያመጣባታል። ስለዚህ ገና ምዝገባ ላይ ሁሉንም ተማሪ፣ ወንዱንም ሴቱንም፣ «በምን መንገድ፣ በስንት ሰዓት ባገኛችሁ ይሻላል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁሉም ስለሚጠየቅ ማንም ተለይቶ አይታይም።

ስለሚደርስባት ጥቃት ራሷ ካወራቻችሁ ደግሞ ለብቻዋ አድምጧት። «ባልሽን ትተሽው ውጪ» አትበሉ፤ ብዙ ጊዜ አደጋው የሚብሰው ልትለየው ስትነሳ ነው። ባልየውን ጠርቶ ማስታረቅማ ጭራሽ እንዳታስቡት! የእርዳታ መስመር ቁጥር ስጧት። ወረቀቱን ይዛ መግባት ከፈራች እናንተው ጋ ይቀመጥ፣ ከትምህርት ቤቱ ስልክ ትደውል። የቤት ሥራ ቀንም አራዝሙላት፣ ምክንያቱን ሳታስዘረዝሩ።