ሽጉጥ ሲነክስና ሲከሽፍ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና ዳግም የሚታመንበት መንገድ

ጎንደር ውስጥ ብዙ ሽጉጥ ዓመቱን ሙሉ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ይከርማል፤ ጥቂቱ ደግሞ መተማ በሚመላለስ ነጋዴ ወገብ ላይ አቧራና ላብ ሲጠጣ ይውላል። አንድ ቀን ሲተኮስ ይነክሳል፤ ጥይቱ ወይም ቀለሁ (የተተኮሰ ጥይት ባዶ ቅርፊት) መሃል ላይ ተቀርቅሮ ይይዘዋል። ባለቤቱ ቃታውን (ከላይ ወደ ኋላ የሚሳበውን የሽጉጡን ክፍል እንጂ የመተኮሻውን ምላጭ አይደለም) ስቦ እንደገና ያቀባብላል፣ ቀጣዩ ጥይት ይተኮሳል፣ «ደህና ነው» ተብሎ ወደ ማኅደሩ ይመለሳል። ይህች «ደህና ነው» ሰው ታስገድላለች። አንድ ጊዜ ያስቸገረ ሽጉጥ መንስኤው ተገኝቶ፣ መወገዱም በተኩስ እስኪረጋገጥ ድረስ ራስን ለመከላከል እንደሌለ መቆጠር አለበት።

የምናወራው በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ስላለው መሣሪያ ነው። ከውልወላ ያለፈ ጥገና ለታወቀና ለተፈቀደለት ባለሙያ ይሰጣል። ማንኛውም ምርመራ ከመጀመሩ በፊት አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት ይዙር፣ ካዝናው (እጀታው ውስጥ የሚገባው ጥይት መያዣ) ይውጣ፣ ከዚያ ቃታው ተስቦ የጥይት ማደሪያው በዓይንም በጣትም ይታይ። ካዝናው ወጣ ማለት ሽጉጡ ባዶ ሆነ ማለት አይደለም፤ የጎረሳት አንድ ጥይት ውስጥ ትቀራለች።

ምላጩ ተስቦ ጥይቱ ሲከሽፍ

ወዲያው ቃታውን አይሳቡ። ዘግይቶ የሚፈነዳ ጥይት ስላለ አፈሙዙን ከሰው አርቀው ቢያንስ 30 ሰከንድ ይጠብቁ። ከዚያ የከሸፈውን ጥይት አውጥተው ቂጡን በብርሃን ይመልከቱ፤ አብዛኛው መልስ እዚያ ተጽፏል። መሃል ላይ ያለችው ክብ መቀጣጠያ በደንብ ተሰርጉዳ ጥይቱ ካልፈነዳ ጥፋቱ በአብዛኛው የጥይቱ ነው፦ አርጅቷል ወይም እርጥበት አግኝቶታል። ስርጉዱ የጥፍር ጫፍ የነካት ያህል ቀለል ያለ ከሆነ ግን መቺው መርፌ በቂ ጉልበት አላገኘም፤ ጥፋቱ የሽጉጡ ነው። ምንም ምልክት ከሌለ መርፌው ተሰብሮ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ሴፍቲው አልተከፈተም።

ማካሮቭ የተባለውን የሶቪየት ሥሪት ሽጉጥ የያዙ ሰዎች እዚህ ላይ ልብ ይበሉ። የማካሮቭ መቺ መርፌ የሚመልሰው ሞላ የለውም፤ በራሱ በመርፌው ማደሪያ ውስጥ በነጻነት ይመላለሳል። እኛ አገር ደግሞ ሽጉጥ መንከባከብ ማለት ዘይት ማጠጣት ይመስለናል። የስፌት መኪና ዘይት ወይም ግሪስ መርፌው ማደሪያ ውስጥ ይገባል፣ ከአቧራና ከባሩድ ጥላሸት ጋር ይቦካል፣ የጎንደር ጥዋት ብርድ ሲጨመርበት ይወፍራል፤ መርፌው እዚያ ጭቃ ውስጥ እየዋኘ ሲደርስ ጉልበቱ አልቋል። መፍትሔው መርፌውን አስወጥቶ ማደሪያውን በነጭ ጋዝ ማጠብ፣ ማድረቅና ያለ ዘይት መተው ነው። ዘይት የሚያስፈልገው ብረት ከብረት የሚፋተግበት ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም በስሱ። ከታጠበ በኋላም ስርጉዱ ቀላል ከሆነ መርፌውን የሚመታው መዶሻ ሞላ ደክሟል ወይም የመርፌው ጫፍ አልቋል፤ ሁለቱም ይለወጣሉ እንጂ አይጠገኑም።

ድምፁ ያነሰ ተኩስ

ከሁሉም ይህኛው ያስፈራኛል። ጥይቱ ተተኩሷል፣ ድምፁ ግን ከወትሮው የታፈነ ነው፤ ምቱም እጅ ላይ አልተሰማም። ባሩዱ ጎድሎ ወይም ረጥቦ አረሩ (ከጥይቱ ተፈናጥሮ የሚሄደው ጫፍ) ከቱቦው ሳይወጣ መሃል ቆሞ ሊሆን ይችላል። ተኳሹ በድንጋጤ አቀባብሎ ቢደግም ሁለተኛው ጥይት ከፊቱ የተደነቀረ እርሳስ ያገኛል፤ ቱቦው ያብጣል ወይም ተተርትሮ እጅ ይዞ ይሄዳል። እዚያው ያቁሙ፣ ሽጉጡን ባዶ ያድርጉ፣ ይፍቱትና ቱቦውን ከኋላ በኩል ወደ ብርሃን አቅንተው ይዩ። ብርሃን ካልታየ ባለሙያ ያስወጣው። አረሩ ወጥቶ እንኳ ቱቦው ውስጥ የቀለበት ጥላ ከታየ አብጧልና ከእንግዲህ አይተኮስበትም። የቀሩት የዚያ ካርቶን ጥይቶችም ለጥበቃ አይውሉም፤ ለፖሊስ ይመለሱ።

ጥይት ሳይጎርስ ወይም ቀለህ ሳያወጣ ሲነክስ

ጥይቱ ወደ ላይ ቀና ብሎ ከተደነቀረ ወይም ቃታው ባዶውን ከተዘጋ መጀመሪያ ካዝናውን ይጠርጥሩ። ወድቆ ከንፈሩ የተጣመመ፣ ሞላው የላላ ወይም ሆዱ ውስጥ አሸዋ የገባ ካዝና ጤነኛውን ሽጉጥ በሽተኛ ያስመስለዋል። ሁለት ካዝና ካለዎት በቀለም ምልክት ያድርጉባቸውና የትኛው ሲገባ እንደሚነክስ ይመዝግቡ። ንክሻው አንዱን ካዝና ብቻ ከተከተለ ካዝናውን ይለውጡ፤ በፒንሳ የተቃናን ከንፈር አልመክርም።

ቀለሁ የጥይት ማደሪያው ውስጥ ከቀረ ቀለህ አውጪዋን ጥርስ ይዩ፤ ከሥሯ ጥላሸት ይጠራቀማል፣ ጫፏም ይሸረፋል። ጥርሷ ደህና ከሆነች የጥይት ማደሪያው ዝጎ ሊሆን ይችላል። በሶቪየት ዘመን የተሠራ ብዙ የቶካሬቭ (ሌላው የሶቪየት ሽጉጥ) ጥይት መቀጣጠያው ውስጥ ፖታሲየም ክሎሬት አለበት፤ ሲተኮስ ወደ ጨውነት ተለውጦ ቱቦና ማደሪያ ውስጥ ይቀራል። ጨው ደግሞ እርጥበት ይስባል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ክረምታችን አንድ ሳምንት እንኳ ይበቃዋል። ዘይት ጨው አያሟሟም። ከእንዲህ ያለው ጥይት በኋላ ቱቦው መጀመሪያ በሙቅ ውኃ ይታጠብ፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ ነው የሚወለወለው።

«9 ሚሊሜትር» የሚል ቃል ብቻ ሰምተው ጥይት የሚይዙም አሉ። የማካሮቭ ጥይት 9 በ18 ነው፤ ብራውኒንግ ሃይፓወር የተባለው ሽጉጥ ደግሞ 9 በ19። የማካሮቭ አረር ውፍረቱም ይለያል፤ 9.27 ሚሊሜትር ገደማ ነው። አንዱ ለሌላው አይሆንም። የተተኮሰው ቀለህ ሆዱ ካበጠ ወይም ከተሰነጠቀ ይህን ያስታውሱ።

ሳይታዘዝ ሲተኩስ

ሲወድቅ፣ ሴፍቲው ሲነካ ወይም ሲቀባበል በራሱ የተኮሰ ሽጉጥ እዚያው ቀን ከአገልግሎት ይውጣ። ቀድሞ የተሠራው ቶካሬቭ መዶሻውን ግማሽ መንገድ ላይ ከምትይዘው ጥርስ በስተቀር በእጅ የሚዘጋ ሴፍቲ የለውም፤ ያች ጥርስ ካለቀች የሚይዘው የለም። ስለዚህ ቶካሬቭ ጥይት አጉርሶ መያዝ አይገባም። ለድምፅ ብቻ ተሠርቶ በየጓሮው ተቦርቡሮ እውነተኛ ጥይት እንዲተኩስ የተደረገ ሽጉጥ ደግሞ መፍትሔ የለውም። አካሉ በአብዛኛው የዚንክ ቅይጥ ነው፤ የጥይትን ግፊት ይችላል ተብሎ አልተሠራም። ሕገ ወጥም ነው፤ ለፖሊስ ያስረክቡት።

መቼ ይታመናል?

መንስኤው ከተወገደ በኋላ አንድ ካዝና ተኩሶ «ተስተካከለ» ማለት የተለመደ ነው። ስሌቱ ግን ሌላ ይናገራል። በአማካይ ከ10 ጥይት አንዱን የሚነክስ ሽጉጥ የማካሮቭን ካዝና ሙሉ 8 ጥይት ያለ እንከን የመተኮስ ዕድሉ ከ100 43 ነው። እንዲህ የታመመ ሽጉጥ ፈተናውን የማለፍ ዕድሉ ወደ ግማሽ ይጠጋል ማለት ነው! 30 ጥይት ሲሆን ዕድሉ ወደ 4 ይወርዳል። በውጭ አገር አሠልጣኞች ዘንድ 200 ጥይት ያለ ንክሻ መተኮስ የተለመደ መለኪያ ነው፤ ለእኛ ዋጋውም ፈቃዱም አይደርስም፤ ነገር ግን ከ30 በታች የሆነ ሙከራ ምንም አላረጋገጠም ብዬ እከራከራለሁ። ከ30ው አንዱ እንኳ ቢነክስ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል።

ሙከራው ጓሮ ውስጥ ወይም ሠርግ ላይ አይደረግም። አራዳም ሆነ አዘዞ ሌሊት አንድ ጥይት ቢጮህ ሰፈር ይተራመሳል፤ ወደ ሰማይ የተተኮሰውም ተመልሶ ይወርዳል። ጉዳዩን ለፖሊስ አቅርበው በሚፈቀድልዎ የተኩስ ቦታ ይሞክሩ። ይህ ካልተቻለ ሽጉጡ ያልተፈተነ ነውና ቤትዎን በሌላ ነገር ያስጠብቁ፦ የማይገፋ መቀርቀሪያ፣ የውጭ መብራት፣ ሌሊት ስልክ የሚያነሳ ጎረቤት።

የተሞከረው ጥይትና ለጥበቃ የሚቀመጠው ከአንድ ካርቶን ይሁን። በቀለሁ ቂጥ ላይ የተቀረጸውን የፋብሪካ ምልክትና ዓመት ያመሳክሩ፤ ከተለያየ የተፈተነው ሌላ፣ የሚታመንበት ሌላ ሆኗልና በተቀመጠው ጥይት እንደገና ይሞከራል።