የሞተር የኋላ ጎማ ቤት ውስጥ እንዴት ይፈታል (ለቦክሰርና ለመሰሎቹ)

ጠዋት ስትነሱ የሞተሩ የኋላ ጎማ ተኝቶ ካገኛችሁት እየገፋችሁ ጎሚስታ ጋ ለመውሰድ አትቸኩሉ። ቅርብ ከሆነ ምንም አይደል፣ ራቅ ካለ ግን የተነፈሰው ጎማ ቸርኬው (ጎማው የተገጠመበት ክብ ብረት) ላይ እየተንሸራተተ ካላማዳሪያውን (ከውስጥ ያለውን፣ ንፋሱን የሚይዘውን ጎማ) ይጎትተውና ንፋስ መሙያው ከስሩ ይቀደዳል፣ እሱ ደግሞ በማስቲሽ አይለጠፍም፣ በአንዲት ሚስማር ቀዳዳ አዲስ ካላማዳሪያ ገዛችሁ ማለት ነው። ጎማውን ብቻ ፈትታችሁ በባጃጅ ይዛችሁ ብትሄዱ በጣም ይሻላል፣ ሲለመድ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

እዚህ የምጽፈው ቦክሰር ስለሚባለው ሞተር ሳይክልና እሱን ስለመሰሉት ነው፣ የኋላ ፍሬናቸው በሸራ (ከውስጥ ሆኖ ጎማውን በሚይዘው) የሚሰራና በካቴና የሚሄዱትን። ዲስክ ፍሬን ያለው አፈታቱ ይለያል።

የሚያስፈልጋችሁ ቁልፍ ነው፣ 12፣ 14፣ 17፣ 19 ይኑራችሁ፣ ከትልልቆቹ ሁለት ሁለት ቢሆን ጥሩ ነው ምክንያቱም በአንዱ ጎን ፔርኖውን (ጎማው የሚዞርበትን ረጅም ብሎን) ይዛችሁ በሌላው ጎን ዳዶውን ነው የምትፈቱት። ፒንሳ፣ መዶሻ፣ ቁራጭ እንጨት፣ ትንሽ ዘይት፣ ግሪስና አሮጌ ጨርቅ። ጨርቁን መሬት ላይ ዘርጉትና የፈታችሁትን ሁሉ በፈታችሁበት ቅደም ተከተል ከግራ ወደ ቀኝ ደርድሩ። ከመጀመራችሁ በፊት በሁለቱም ጎን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፣ ይሄን ነገር አትናቁት፣ ስትገጥሙ ሮንዴላዋ ከውስጥ ነበረች ከውጪ የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም።

ሞተሩ ጠፍቶ ይቀዝቅዝ፣ ቁልፉን ንቀሉ፣ ማርሹን ዜሮ አድርጉ። ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ትኩስ ከሆነ እጃችሁን ያቃጥላል። ሞተር አስነስቶ ጎማው እየዞረ ካቴና የሚጠርግ ሰው አይቻለሁ፣ እባካችሁ ይሄን በፍፁም እንዳታደርጉት፣ ካቴናና ጥርስ መሀል የገባ ጣት ተቆርጦ ነው የሚወጣው።

መጀመሪያ ሞተሩ በጎን ስታንድ ቆሞ ጎማው መሬት እንደነካ የፔርኖውን ዳዶ ትንሽ ላላ አድርጉት፣ አትጨርሱት። ጠንካራ ጉልበት የሚፈልገው እሱ ነው፣ በመሀል ስታንድ ላይ ቆሞ ብትታገሉት ሞተሩ ተንሸራትቶ ሊወድቅባችሁ ይችላል። ዝጎ እምቢ ካለ ዘይት አንጠባጥቡበትና ቡና ጠጥታችሁ ተመለሱ። ከዛ ደልዳላና ጠንካራ መሬት ላይ በመሀል ስታንድ አቁሙት፣ አፈር ከሆነ ስታንዱ ስር ጣውላ አድርጉ።

ቀጥሎ ፍሬኑ ነው። ከፔዳሉ የሚመጣው ረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ያለችውን ማስተካከያ ዳዶ ሙሉ በሙሉ ፍቱና ዘንጉን አውጡ፣ ስፕሪንጓና ትንሿ ክብ ብረት ተፈናጥረው እንዳይጠፉባችሁ ዳዶዋን መልሳችሁ ዘንጉ ላይ አስሯት። ከዛ የፍሬኑን ክዳን ከሞተሩ ሹካ (የኋላ ጎማውን ግራና ቀኝ ከያዘው ብረት) ጋር የያዘውን ጠፍጣፋ ብረት ትፈታላችሁ፣ ዳዶው ላይ ኮፒሊያ (ዳዶው እንዳይላላ የሚሰካ ቀጭን ሽቦ) ካለ በፒንሳ አቅኑና ሳቡት።

ስለዚህች ጠፍጣፋ ብረት ትንሽ ላውራ። ፍሬን ስትይዙ ክዳኑ ከጎማው ጋር አብሮ እንዳይዞር የምትይዘው እሷ ናት። እሷ ከለቀቀች ክዳኑ ይዞርና ዘንጉን ጠምዝዞ ጎማውን ሊያደርቀው ይችላል፣ እሱም በፍጥነት እየሄዳችሁ። ባለፈው ክረምት ጎማ አሰርቼ ስመለስ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ከኋላ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ነበር፣ ቤት ደርሼ ጎንበስ ብዬ ሳይ የዚህች ብረት ዳዶ በጣቴ ይዞራል፣ ኮፒሊያዋ ጭራሽ የለችም። ሁለት ልጆች ከኋላዬ ጭኜ ነበር የመጣሁት። ከዛን ቀን ጀምሮ ጎማዬን ራሴ ነው የምፈታው፣ ሰው ቢፈታልኝም ይቺን ሳላይ አልነሳም።

አሁን የፔርኖውን ዳዶ ጨርሳችሁ ፍቱና ፔርኖውን በጭንቅላቱ በኩል ሳቡት። ካልወጣ ዳዶው የሚታሰርበትን የፔርኖውን ጥርስ በቀጥታ በመዶሻ እንዳትመቱት፣ ዳዶውን ከጫፉ እኩል እስኪሆን መልሱና እንጨት አስደግፋችሁ መታ መታ አድርጉት። ሲወጣ ጎማውን በሌላ እጅ ደገፍ አድርጉ። በፍሬኑ በኩል በሹካውና በክዳኑ መሀል ያለችው ቦኮላ (ፔርኖው የሚያልፍባት አጭር ቱቦ) ወዲያው ነው የምትወድቀው፣ ተንከባላ ሳትጠፋ ያዟት።

በብዙዎቹ ቦክሰር መሰል ሞተሮች ካቴናውና ጥርሱ (ኮሮናው) በራሱ ትልቅ ዳዶ ሹካው ላይ ተይዞ ይቀራል፣ ጎማው ወደ ፍሬኑ በኩል ሲሳብ ከጎሚኒዎቹ (ጎማውንና ጥርሱን ከሚያያይዙት ላስቲኮች) ተላቆ ይወጣል፣ ካቴና መንካት አያስፈልግም። የናንተ እንደዛ ካልሆነ ጎማውን ወደፊት ገፍታችሁ ካቴናውን ከጥርሱ ላይ አውርዱት። ፓራፋንጎ (የጭቃ መከላከያው) ካስቸገረ አንድ ሰው ሞተሩን ትንሽ ያዘንብልላችሁ፣ ጎማው ከስር ይወጣል። የካቴና ማጥበቂያዎቹን ግን ካልተቸገራችሁ አትንኩ፣ ካልነካችኋቸው ስትመልሱ ጎማው የነበረበት ቦታ ይገባል።

ጎማው ከወጣ አይቀር ሁለት ነገር እዩ። ጣታችሁን ኩሽኔታው (ጎማው መሀል ያለው ባለ ኳስ ቀለበት) ውስጥ ከትታችሁ አዙሩት፣ እንደ አሸዋ ከከረከረ ወይ ከተወዛወዘ ይቀየር። ጎሚኒዎቹ ከተበሉ ደግሞ ማርሽ ስትቀይሩ ከኋላ የሚያንገጫግጨው እሱ ነው። የፍሬን ክዳኑን ስትከፍቱ ያለውን ጥቁር ብናኝ በአፋችሁ እፍ አትበሉት፣ ለሳንባ ጥሩ አይደለም፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፣ ሸራው ላይ ዘይትም ግሪስም እንዳይነካ።

አገጣጠሙ ያው ወደ ኋላ ነው። ፔርኖውን ጠርጋችሁ ስስ ግሪስ ቀቡት፣ ጎማውን ጎሚኒዎቹ ላይ በደንብ አስገቡት፣ ቦኮላዋን መልሱ፣ ፔርኖውን ክተቱ። ጠፍጣፋዋን ብረት እሰሩ፣ አዲስ ኮፒሊያ አድርጉላት፣ ዋጋው ምንም ነው። የፍሬኑን ዘንግ ግጠሙ። ከዛ ጎማውን ወደፊት ገፋ አድርጋችሁ አንድ ሰው የፍሬን ፔዳሉን ረግጦ ይያዝ፣ እናንተ የፔርኖውን ዳዶ አጥብቁ፣ ሸራው ታምቡሩ (ሸራው የሚይዘው የጎማው ክብ ብረት) መሀል ላይ ቀጥ ብሎ የሚቀመጠው እንዲህ ሲሆን ነው።

ካቴናውን በሁለቱ ጥርሶች መሀል ከታች ወደ ላይ ግፉት፣ ከ20 እስከ 30 ሚሊሜትር ቢጫወት ጥሩ ነው። የፍሬን ፔዳሉም መያዝ ከመጀመሩ በፊት ያንኑ ያህል ይውረድ፣ ጎማው በእጅ ሲዞር ግን ሳይያዝ ይዙር። ግቢ ውስጥ ቀስ ብላችሁ ነድታችሁ ሁለት ሶስቴ ፍሬን ያዙ፣ የኋላ መብራቱ መብራቱንም እዩ። ማታ ስትገቡ ሁለቱን ዳዶዎች፣ የፔርኖውንና የጠፍጣፋዋን ብረት፣ እንደገና በቁልፍ ነካ አድርጓቸው።