ሜቲሌሽንን በእርሳስና በወረቀት መከታተል

እኔ ሜቲሌሽንን ሳስተምር ትርጓሜ አላስሸመድድም፤ እርሳስ አስይዛለሁ። መጀመሪያ ሳይቶሲንን (ከዲኤንኤ አራት ፊደሎች ኤ፣ ሲ፣ ጂ፣ ቲ መካከል ሲ የሚባለውን) ሣሉ። 5ኛው ካርቦን ላይ ያለውን ሃይድሮጅን አጥፉና በቦታው አንድ ካርቦን ከሦስት ሃይድሮጅን ጋር ጻፉ። በቃ፣ ሜቲል ጨመራችሁ፤ ሜቲሌሽን ማለት ይህ ነው። ኬሚስት ይህን መሰል ሥራ በሜቲል አዮዳይድ (መርዛማ ነው፣ አትጠጉት) ይሠራል፤ ሴል ግን ሜቲሉን ኤስ-አዴኖሲልሜቲዮኒን ከሚባል ሞለኪውል በኢንዛይም ይወስዳል።

የዲኤንኤው ፊደል አልተለወጠም፤ ሲ አሁንም ከጂ ጋር ይጣመራል። ስለዚህ ሚውቴሽን (የፊደል ለውጥ) ብላችሁ ፈተና ላይ እንዳትጽፉ! በሰው ሴል ይህ የሜቲል ምልክት በብዛት የሚያርፈው ጂ በሚከተለው ሲ ላይ ነው። በጂን መነሻ አካባቢ ሲበዛ ጂኑ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ያቆማል።

ታዲያ ፊደሉ ካልተለወጠ በምን እናየዋለን? ባይሰልፋይት በሚባል ኬሚካል። ሜቲል የሌለውን ሲ ዩራሲል ወደሚባል ሌላ ፊደል ይቀይረዋል፤ በፒሲአር (ዲኤንኤን ደጋግሞ በሚቀዳ ዘዴ) ሲባዛ ቲ ሆኖ ይነበባል። ሜቲል ያለው ግን ሲ እንደሆነ ይቀራል።

እስቲ ሞክሩ፦ ኤ-ሲ-ጂ-ቲ-ሲ-ኤ። ሜቲል ያለው የመጀመሪያው ሲ ብቻ ከሆነ ንባቡ ኤ-ሲ-ጂ-ቲ-ቲ-ኤ ይሆናል። ሁለቱም ከሌላቸው ኤ-ቲ-ጂ-ቲ-ቲ-ኤ።

ውጤቱን ከማመናችሁ በፊት ጂ የማይከተላቸውን ሲዎች ፈትሹ። በአብዛኛው የሰው ሴል እነዚህ ከሞላ ጎደል ሁሉም ቲ መሆን አለባቸው። ብዙዎቹ ሲ ሆነው ከቀሩ ባይሰልፋይቱ ሥራውን አልጨረሰም ማለት ነው፤ ናሙናውን ድገሙት።