«ዘ ኮል ኦፍ ዘ ዋይልድ»ን ከፊልሙ ጀምሮ ለማንበብ

ሃሪሰን ፎርድ የሚተውንበትን የ2020ውን «ዘ ኮል ኦፍ ዘ ዋይልድ» ያያችሁ፣ እባካችሁ እዚያ ላይ አታቁሙ። መጽሐፉ አለ። አሜሪካዊው ደራሲ ጃክ ለንደን እ.ኤ.አ. በ1903 ያሳተመው፣ ከሰው ቤት ወደ ዱር ስለሚሄድ ባክ ስለሚባል ውሻ የሚተርክ፣ ሰባት ምዕራፍ ብቻ ያለው አጭር ልቦለድ ነው።

ፊልሙን ያላያችሁ ደግሞ ከፊልሙ ጀምሩ። ብዙ ሰው «መጀመሪያ መጽሐፉ» ይላል፣ እዚህ ላይ ግን አልስማማም። ታሪኩ የሚካሄድበት የካናዳ ሰሜናዊ ግዛት ዩኮን፣ የወርቅ ፍለጋው ግርግር፣ ውሾች የሚጎትቱት የበረዶ ላይ ጋሪ ለብዙዎቻችን እንግዳ ነው፤ አንዴ በዓይን ከታየ ግን የለንደን ረጃጅም ዓረፍተ ነገሮች አያስፈሩም።

ከዚያ መጽሐፉን አውርዱ። የቅጂ መብቱ ስላበቃ ፕሮጀክት ጉተንበርግ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛል፣ ሊብሪቮክስ የሚባለው ድረ ገጽ ላይም በድምፅ የተነበበ አለ። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ እየሰማችሁ በዓይናችሁ ተከተሉ። የማታውቁት ቃል በመጣ ቁጥር መዝገበ ቃላት አትክፈቱ፣ ታሪኩ ይቀዘቅዝባችኋል።

ስታነቡ ፊልሙን አትፈልጉበት። ፊልሙ ላይ ቶርንተን፣ ማለትም ሃሪሰን ፎርድ የሚጫወተው ሰው፣ ልጁን ያጣ ሐዘንተኛ ነው፤ መጽሐፉ ውስጥ ይህ የለም፣ ሰውየውም ብቅ የሚለው አምስተኛው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ነው። መጽሐፉ የባክ ነው። ፊልሙ ላይ ባክ በኮምፒውተር የተሠራ ስለሆነ ፊቱ እንደ ሰው ይስቃል፣ ይከፋል። ለንደን ግን ውሻ አድርጎ ነው የጻፈው። ባክ በረዶ መጀመሪያ ሲረግጥ ደንግጦ ወደ ኋላ ይዘላል፣ ያሸተዋል፣ ይልሰዋል፣ እንደ እሳት ያቃጥለውና ወዲያው ምላሱ ላይ ይጠፋበታል፤ የቆሙት ሰዎች ሲስቁበት ያፍራል። ደራሲው ራሱ በ1897 ወርቅ ፍለጋ እዚያው ዩኮን ውስጥ እስካለው ክሎንዳይክ ድረስ ሄዷል፣ ብርዱን ያውቀዋል።

አራተኛው ምዕራፍ ላይ ቀስ በሉ። ዴቭ የሚባለው ውሻ ይታመምና ሰዎቹ አዝነውለት ከጋሪው ይፈቱታል። እሱ ግን ቦታውን ሌላ ውሻ መያዙን መቀበል ያቅተዋል፣ ጥልቅ በረዶ ውስጥ እየወደቀ እየተነሳ ይከተላቸዋል፣ በመጨረሻም የዚያን ውሻ መጎተቻ ጠፍር በጥርሱ ቆርጦ የለመደው ቦታ ላይ ይቆማል። ቀጥሎ የሚሆነውን አልነግራችሁም፤ ለእኔ ግን ከፊልሙ በሙሉ እነዚህ ጥቂት ገጾች ይበልጣሉ።

ለትንንሽ ልጆች የምታነቡ ከሆነ ሦስተኛውን ምዕራፍ ቀድማችሁ ራሳችሁ እዩት። ፊልሙ ለቤተሰብ ተብሎ ለስልሷል፣ የባክ ተቀናቃኝ የሆነው ውሻ ስፒትዝ ተሸንፎ ይሄዳል። መጽሐፉ ላይ ግን አይተርፍም። የአካባቢው ነባር ሕዝቦች የተሳሉበት መንገድም የዚያ ዘመን አመለካከት የተጫነው ስለሆነ፣ ከፍ ካሉት ልጆች ጋር ተነጋገሩበት።

ከጣማችሁ «ኋይት ፋንግ»ን ቀጥሉ፣ እሱም የለንደን ነው፣ 1906። እዚያ ጉዞው በተቃራኒው ነው፦ ከዱር ወደ ሰው ቤት።