በሲፓፕ ማሽን ሲተኙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በእንቅልፍ መካከል ጉሮሮ እየተዘጋ ትንፋሽ ሲቋረጥ ሰውየው ሳይታወቀው ሌሊቱን ሲባንን ያድራል፤ ጠዋት ራሱን እያመመው ይነሣል፣ ቀን ደግሞ በተቀመጠበት ያንቀላፋል። ሐኪሞች ይህን ሕመም ስሊፕ አፕኒያ ይሉታል። ኮሊን ሱሊቫን የተባሉ አውስትራሊያዊ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1981 ያስተዋወቁት የሲፓፕ ሕክምና በቱቦና ፊት ላይ በሚታሰር ማስክ በኩል አየርን በግፊት እየነፋ ጉሮሮ እንዳይከደን ደግፎ የሚይዝ ሲሆን፣ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ኦክስጅን የሚሰጥ መሣሪያ አይደለም። እኔ ደብረ ማርቆስ ላይ በዚህ ማሽን መተኛት ከጀመርሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነው፤ ከዚህ በታች ከማነሣቸው ስህተቶች ውስጥ አብዛኞቹን ራሴ ፈጽሜያቸዋለሁ።

የዘመድን ማሽን እንዳለ መጠቀም

ውጭ አገር ያለ ወንድም ወይም እኅት የተገለገለበትን ማሽን በሻንጣ ጠቅልሎ ሲልክ ደስታው ትልቅ ነው፤ ነገር ግን ማሽኑ የሚመጣው ለላኪው ከተሞላለት ግፊት ጋር ነው። ግፊቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ውሃ በሚል መለኪያ ይሰፈራል፤ ለአንዱ 7 በቂ ሲሆን ሌላው 14 ሊያስፈልገው ይችላል። ካነሰ ጉሮሮው መዘጋቱን አይተውም፤ ከበዛ ደግሞ አየር በአፍ ያመልጣል፣ ሆድም ይነፋል። ስለዚህ አስቀድሞ የእንቅልፍ ምርመራ ማድረግ ያሻል። በምርመራው ቢያንስ ለ10 ሴኮንድ የሚቆዩ የትንፋሽ መቋረጦችና መቀነሶች ይቆጠራሉ፤ በሰዓት ከ5 በታች ከሆኑ እንደ ጤነኛ የሚታይ ሲሆን፣ 30 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ ሕመሙ ከባድ ነው ይባላል። ያንኮራፋ ሁሉ ማሽን አያስፈልገውም።

ያገለገለ ማሽን የሚቀበል ሰው ሞዴሉንም ማጣራት አለበት። ፊሊፕስ በሰኔ 2013 ዓ.ም. በሚሊዮን የሚቆጠሩ ማሽኖቹን እንዲመለሱ የጠራው፣ ውስጣቸው ያለው የድምፅ ማፈኛ ስፖንጅ እየተፈረፈረ ወደሚተነፈሰው አየር ሊገባ ስለሚችል ነው።

የምንኖርበትን ከፍታ መዘንጋት

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር ታልፋለች። አየሩ ሲሳሳ የማሽኑ ማራገቢያ ያንኑ ግፊት ለማምጣት የበለጠ መሥራት አለበት። አዳዲሶቹ ማሽኖች ይህን በራሳቸው ያስተካክላሉ፤ አንዳንድ አሮጌዎች ግን ከፍታው በእጅ ካልተሞላላቸው የሚሰጡት ግፊት ከታዘዘው ያንሳል። የማሽኑ መመሪያ እስከ ስንት ሜትር እንደሚሠራ ይገልጻልና፣ የጮቄን ግርጌ ይዞ የሚኖር ሰው ይህን ሳያይ ባይጀምር እመርጣለሁ።

የማስኩን ቀዳዳ መድፈንና ራስን መከናነብ

ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። በማስኩ ፊት ለፊት ወይም በቱቦው መጋጠሚያ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ፤ የተነፈሰው አየር የሚወጣው በእነርሱ ነው። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት የሚያፏጨውን ድምፅ ስሰማ ማስኩ ተቀዶ የመጣ መስሎኝ በፕላስተር አሽጌው ነበር። በዚያ ሌሊት ራሴን እያመመኝና ደረቴ እየተጨነቀ ነቃሁ፤ ለካ ያስወጣሁትን አየር መልሼ እየሳብሁት ኖሯል።

ፕላስተሩን ካነሣሁ በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። የደብረ ማርቆስ ሌሊት ብርዱ የታወቀ ስለሆነ እኛ ራሳችንን በጋቢ ሸፍነን መተኛት ልማዳችን ነው። አማቴ እኛ ዘንድ ባደሩ ጊዜ «ልጄ፣ ብርድ ይመታሃል» እያሉ ጋቢውን እስከ ግንባሬ ይስቡልኝ ነበር፤ ቀዳዳው መሸፈን እንደሌለበት ለማስረዳት ሁለት ሌሊት ፈጅቶብኛል። መሸፈን የሚገባው ቱቦው ነው። በብርድ ጊዜ እርጥብና ሞቅ ያለው አየር ቱቦው ውስጥ ወደ ውሃ ተለውጦ ፊት ላይ ይንጠባጠባል፤ ቱቦውን ከጋቢው ሥር አሳልፎ ማስኩን ውጭ መተው ይህን በእጅጉ ይቀንሰዋል። ማሽኑም ከራስ ዝቅ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ ያለበለዚያ ውሃው ወደ አፍንጫ ይወርዳል።

አየር ሲያፈስ ማሰሪያውን ማጥበቅም የተለመደ ስህተት ነው። ከመጠን በላይ የጠበቀ ማስክ የአፍንጫን ድልድይ ያቆስላል፣ ፊት ላይ የሚያርፈው የማስኩ የሲሊኮን ትራስም ተጣጥፎ ይበልጥ ያፈስሳል። ማሰሪያው መስተካከል ያለበት ተኝተውና ማሽኑ እየነፋ ሳለ ነው። ፊት ላይ የተቀባ ቫዝሊን ሲሊኮኑን ስለሚያበላሸው ከመተኛት በፊት መታጠብ ይገባል።

በማርጠቢያው ውስጥ ያገኙትን ውሃ መጨመር

ማርጠቢያው የሚነፋውን አየር የሚያረጥበው የማሽኑ የውሃ ዕቃ ነው። የተጣራ ዲስትልድ ውሃ እንደ ልብ አይገኝም ብሎ ከነዳጅ ማደያ የባትሪ ውሃ የሚገዛ ሰው አለ። አሲድ የገባበት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚሸጥበት ጊዜ ስላለ ለሳንባ የሚሆን ነገር አይደለም። የፈላ ውሃ ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ ማዕድኑን አያስወግድም፤ ነጭ ቅርፊቱ በዕቃው ግርጌ ይጋገራል። ቸግሮ በእርሱ ከተጠቀሙ በየዕለቱ ደፍቶ ማጠብና ቅርፊቱን በኮምጣጤ ማስለቀቅ ያስፈልጋል። ጠበል የሚጨምሩም ገጥመውኛል፤ ጠበሉን ጠጥተው ወይም ተጠምቀው ማሽኑን በንጹሕ ውሃ ቢተዉት ለሁለቱም ክብር ነው።

መብራት ሲሄድ ማስኩን እንዳደረጉ መተኛት

ማሽኑ ከቆመ በቀዳዳዎቹ ገፍቶ የሚያስወጣ አየር የለምና ማስኩ ወዲያውኑ መውለቅ አለበት። አፍንና አፍንጫን አብረው የሚሸፍኑት ማስኮች ለዚሁ የሚከፈት መተንፈሻ ቢኖራቸውም በእርሱ ተማምኖ ማደር አይገባም። ባትሪ ለማገናኘት የሚያስብ ሰው ለማሽኑ የተሠራውን መቀየሪያ ይግዛ፤ አንዳንዱ ማሽን በ12፣ ሌላው በ24 ቮልት ይሠራልና ሽቦ ቀጥሎ መሞከር ማሽን ማቃጠል ነው። ባትሪውን ቶሎ የሚጨርሰው የማርጠቢያው ማሞቂያ ስለሆነ እርሱን ማጥፋት ዕድሜውን ያረዝመዋል።

እኩለ ሌሊት ላይ አውልቆ መተው

ስድስት ሰዓት ሲሆን «ይበቃኛል» ብሎ ማውለቅ የብዙዎቻችን ድክመት ነው። ሕልም የሚታይበት የእንቅልፍ ክፍል የሚበዛው ወደ ንጋት ሲሆን፣ ያን ጊዜ ጡንቻዎች ስለሚዝሉ የትንፋሽ መቋረጡ በብዙ ሰው ላይ የሚከፋው በዚሁ ሰዓት ነው። መሸት ሲል የተቀመሰ አረቄም ጉሮሮን እንዲሁ ያዝላል፤ ከማሽኑ ጋር የሚታገሉ ሁለት ነገሮች አንድ ላይ መጡ ማለት ነው።

ውሃውን ሳይደፉ መጓዝ

በደጀን አልፎ የዓባይን ቁልቁለት ለሚወርድ መንገደኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ማርጠቢያው ሙሉ እያለ ማሽኑን ያጋደለ ሰው ውሃውን ወደ ሞተሩ ይልከዋል፤ እኔም ጎሐ ጽዮን ስደርስ ቦርሳዬን ከፍቼ ከማሽኑ ሆድ ውሃ ሲንጠፈጠፍ አይቻለሁ።