ሞተር ከተቀየረ በኋላ የኢሲዩና የሴንሰር ችግር እንዴት ይፈለጋል?

ሞተር ቀይሮ መኪናው አልነሳ ያለው ወይም ተነስቶ የሚንተፋተፍበት ሰው ቶሎ ብሎ ሴንሰር ይገዛል። አልሆን ሲለው ሌላ ይገዛል። እሱም ካልፈታው ኢሲዩውን፣ ማለትም የሞተሩን ኮምፒውተር፣ ይቀይራል። ገንዘቡ ያልቃል፣ ችግሩ እዚያው ነው። ሞተር ከሌላ መኪና ወጥቶ ሲገባ ከሁሉ በላይ የሚቆረጠው፣ የሚቀጠለውና የሚጎተተው ሽቦ ነው። ፍለጋውም ከሽቦ መጀመር አለበት።

ምሳሌ የማደርገው ኒሳን 240ኤስኤክስን ነው። ይህ የስፖርት መኪና አሜሪካ ውስጥ ከ1989 እስከ 1998 ሞዴል ድረስ የተሸጠ ሲሆን ከፋብሪካ የሚመጣው በ2.4 ሊትር ኬኤ24 ሞተር ነው። ብዙዎች ይህን አውጥተው የጃፓኑን ሲልቪያ ባለ 2.0 ሊትር ቱርቦ ሞተር፣ ኤስአር20ዲኢቲን፣ ያስገቡበታል። ቁጥሮቹ በተለይ ኤስ13 ለሚባለው ለመጀመሪያው ቅርጽ ናቸው። ቅደም ተከተሉ ግን ለማንኛውም የተቀየረ ሞተር ይሠራል።

1. ዕቃ አዘጋጁ

ደህና መልቲሜትር፣ የታይሚንግ መብራት (ካንዴላው የሚያቀጣጥልበትን ጊዜ የሚያሳይ) እና የሁለቱም መኪኖች የሽቦ ንድፍ ያስፈልጋል። ንድፉ ከሌላችሁ ሥራውን አትጀምሩ። ተራ አምፖል ያለው መፈተሻ የኢሲዩ ሽቦ ላይ አታስነኩ፤ የሚስበው ኤሌክትሪክ ለኢሲዩው ይበዛበታል። የኦቢዲ ቱ ስካነርም (የመኪናው ሶኬት ላይ ተሰክቶ የችግር ኮድ የሚያነብ መሣሪያ) እዚህ አያገለግልም። ያ ሶኬት በአሜሪካ ግዴታ የሆነው ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ነው። የ1996 መኪና ቢኖራችሁም እንኳ የገባው የጃፓን ኢሲዩ ከስካነሩ ጋር አይነጋገርም።

2. ባትሪውን ቻርጅ አድርጉ፣ ፊውዞቹን እዩ

ቁልፉን ከፍታችሁ አዳምጡ። የቤንዚን ፓምፑ ለ5 ሰከንድ ያህል ሠርቶ ማቆም አለበት። ድምፁ ከተሰማ ኢሲዩው ኃይል አግኝቷል፣ የፓምፑንም ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ) እያዘዘ ነው ማለት ነው። ካልተሰማ ኮድ (ኢሲዩው ያገኘውን ችግር የሚመዘግብበት ቁጥር) ከማንበባችሁ በፊት የኢሲዩውን የኃይል መስመርና ሪሌዎቹን ተከታተሉ።

3. ማሳውን ፈትሹ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ማሳ ስል ከሞተሩና ከቦዲው ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰውን መስመር ማለቴ ነው። ከሞተር ቅየራ በኋላ የሚያስለቅሰው ይሄ ነው። የድሮው ሞተር ሲወጣ የማሳ ገመዶቹ ይፈታሉ። አዲሱ ሲገባ አንዱ ይረሳል፣ ሌላው ቀለም የተቀባ ብረት ላይ ይታሰራል። ለዓይን ሁሉም የታሰረ ይመስላል።

በኦም መለካት እዚህ አያዋጣም። ሃያ ክር ከነበረው ገመድ አንድ ክር ብቻ ቢቀርም ሜትሩ «ደህና ነው» ይላችኋል፤ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ሲዞር ግን ያ አንድ ክር ምንም አይችልም። መለካት ያለበት ሥራ ላይ እያለ ነው። መልቲሜትሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርጉት። ጥቁሩን ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ምሰሶ ላይ አድርጉ፤ ገመዱን የያዘው ክላምፕ ሳይሆን ምሰሶው ራሱ ላይ። ቀዩን ጫፍ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ላይ ባዶ ብረት ፈልጋችሁ ያዙት። ሰው ሞተሪኖውን ያዙርላችሁ። ሜትሩ ከ0.2 ቮልት በታች ካነበበ ጥሩ ነው። ወደ 0.5 ከተጠጋ ማሳችሁ ደካማ ነው። ቀጥላችሁ ቁልፉ ተከፍቶ የኢሲዩውን የማሳ ፒኖች በዚሁ መንገድ ለኩ። እዚያ ከጥቂት መቶኛ ቮልት በላይ ማየት አልፈልግም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ኢሲዩ የሚያውቀው ቮልት ብቻ ነው። ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚለካው የአየር መለኪያ ሚኒሞ ላይ (ሞተሩ ፔዳል ሳይረገጥ ሲሠራ) የሚልከው ከ1 ቮልት ትንሽ ከፍ ያለ ነገር ነው። ማሳው 0.3 ቮልት ከዋዠቀ ንባቡ ከሩቡ በላይ ሊዛባ ይችላል። ሴንሰሩ ምንም አልሆነም፣ ኢሲዩውም ምንም አልሆነም፣ ሞተሩ ግን ቤንዚን በዝቶበት ይታፈናል።

ኤስአር20ዲኢቲ (ባጭሩ ኤስአር) ላይ ሌላም አለ። ከኮይሎቹ (ለካንዴላ ኃይለኛ ኤሌክትሪክ የሚሰጡት) ገመድ ነጥሎ የሚወጣ የማሳ ሽቦ ሞተሩ ላይ በብሎን ይታሰራል። ትንሽ ስለሆነች ትረሳለች። ስትረሳ መኪናው ቆሞ ደህና ይመስላል፣ ቱርቦው ሲገፋ ግን ሞተሩ ይቆራረጣል። ሰው ካንዴላ ይቀይራል፣ ኮይል ይቀይራል። መጀመሪያ ብሎኗን እዩ።

4. ኮዱን አንብቡ

ኢሲዩው በተሳፋሪው በኩል፣ ከእግር አጠገብ ካለው የጎን ሽፋን ጀርባ ነው። ጎኑ ላይ ትንሽ የምትዞር ብሎንና ቀይ መብራት አለች። ቁልፉን ክፈቱ፣ ሞተሩን አታስነሱ። በቀጭን ካቻቪቴ ብሎኗን በሰዓት አቅጣጫ እስክትቆም አዙሯት፣ 2 ሰከንድ ጠብቁ፣ ወደ ኋላ እስክትቆም መልሷት። ፕላስቲክ ናት፣ ዕድሜዋም ከ30 ዓመት በላይ ነው፤ አትጫኗት።

መብራቷ ረዘም ስትል አስር፣ አጠር ስትል አንድ ናት። አንድ ረጅምና ሦስት አጭር 13 ይሆናል። በስልካችሁ ቪዲዮ ቅረጹት፣ ተረጋግታችሁ ትቆጥራላችሁ። ብሎኗን እንደገና አዙራችሁ ወደ መደበኛው ስትመልሷት የተመዘገበው ኮድ ይጠፋል፤ ሳትጽፉ አትመልሱ።

የምታገኟቸው አብዛኛውን ጊዜ እነዚህ ናቸው፦ 11 የክራንክ አንግል ሴንሰር (የሞተሩን አዟዟር የሚለካው)፣ 12 የአየር መለኪያ፣ 13 የውሃ ሙቀት ሴንሰር፣ 14 የፍጥነት ሴንሰር፣ 21 የኢግኒሽን ሲግናል (የብልጭታ ምልክት)፣ 34 የኖክ ሴንሰር (የሞተር መንኳኳትን የሚሰማው)፣ 43 የትሮትል ሴንሰር (ፔዳሉ ምን ያህል እንደተረገጠ የሚያሳየው)። 55 ከሆነ የተመዘገበ ችግር የለም። 14 ቢመጣ አትደንግጡ፣ ሞተሩን ከመነሳት አያግደውም። 11 ወይም 21 ከመጣ ግን ሌላውን ሁሉ ተዉና እሱን ያዙ።

አዲስ አበባ ውስጥ የድሮ ቶዮታ የያዘ ሰውም ተመሳሳይ ነገር ማድረግ ይችላል። ከኮፈኑ ሥር ባለው የዲያግኖሲስ ሳጥን ቲኢ1 እና ኢ1 የሚሉትን ቀዳዳዎች በሽቦ አገናኝቶ ቁልፉን ሲከፍት፣ የቼክ ኢንጂን መብራቱ ኮዱን እየብለጨለጨ ይቆጥራል።

5. ኮዱ የጠቆመውን መስመር ከኢሲዩው ጫፍ ለኩ

ኮድ 12 «የአየር መለኪያው ተበላሽቷል» ማለት አይደለም። ኢሲዩው በዚያ ሽቦ ላይ የጠበቀውን ቮልት አላገኘም ማለት ነው። አንድ 240 ኮድ 12 ይዞ መጥቶ ነበር። ባለቤቱ መለኪያውን በአዲስ ቀይሮታል፣ ኮዱ ግን አልጠፋም። ሶኬቱ ላይ ስንለካ ሲግናሉ ደህና ነው፣ ኢሲዩው ፒን ላይ ስንለካ ይመጣል ይጠፋል። ገመዱን በእጃችን እየዳበስን ወደ ጋቢና ስንከተለው ሞተሩን ከጋቢና በሚለየው ግድግዳ አጠገብ ናስትሮው ወፈር ያለበት ቦታ ተገኘ። ናስትሮው ሲፈታ ሽቦው ተጠምዝዞ ብቻ ነው የተቀጠለው፣ ሁለት ክር ይዞታል፣ ሌላው አረንጓዴ ዝገት ሆኗል። ያ ቅጥያ ተቆርጦ በደንብ ሲበየድ ኮዱም ጠፋ።

ስለዚህ ሁለቱንም ጫፍ ለኩ፣ እየለካችሁም ገመዱን አነቃንቁ። ንባቡ ከእጃችሁ ጋር ከዘለለ ቦታውን አገኛችሁ። ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለልን በፍጹም አልደግፍም። በደንብ የተበየደ ወይም በትክክለኛ መሣሪያ የተጨመቀ ቅጥያ፣ ከላዩ በሙቀት የሚኮማተር ሽፋን ያለው፣ ሌላ አማራጭ የለም።

ኮድ 13 ካላችሁ መጀመሪያ የትኛውን ሴንሰር እንደያዛችሁ እወቁ። ኤስአር ላይ ሁለት አሉ። አንድ ሽቦ ያለው ለዳሽቦርዱ ጌጅ ነው፣ ሁለት ሽቦ ያለው ለኢሲዩ ነው። የሁለት ሽቦውን ነቅላችሁ በኦም ለኩ። 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ከ2,100 እስከ 2,900 ኦም፣ 80 ዲግሪ ላይ ወደ 300 ኦም ገደማ መሆን አለበት። የትሮትሉ ሴንሰር ደግሞ ፔዳሉ ሳይረገጥ 0.5 ቮልት አካባቢ ሆኖ ስትረግጡት ሳይዘል ወደ 4 ቮልት መውጣት አለበት።

6. ታይሚንጉን አረጋግጡ

የክራንክ አንግል ሴንሰሩ ቴስታታው ላይ የሚታሰር ሲሆን በእጅ ይዞራል። ሞተሩ ሲጓጓዝ ወይም ሲወርድ ከቦታው መነቃነቁ የተለመደ ነው። ሞተሩን አሙቁ፣ የትሮትል ሴንሰሩን ሶኬት ንቀሉ፣ በመብራቱ እዩ። ብልጭታው ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ከመድረሱ 15 ዲግሪ ቀደም ማለት አለበት።

7. ኮዱ 55 ሆኖ መኪናው አልሄድ ካለ

የሚያመልጥ አየር ፈልጉ። ይህ ሞተር አየሩን ቱርቦው ጋ ከመድረሱ በፊት ይለካል። ከተለካ በኋላ በላላ ጎማ ወይም በተሰነጠቀ ቱቦ ካመለጠ ኢሲዩው ለሌለ አየር ቤንዚን ይረጫል። ጥቁር ጭስ ይወጣል፣ ኮድ ግን አይመዘገብም። የቱርቦውን መግቢያ ዘግታችሁ ከ10 እስከ 15 ፒኤስአይ አየር ሙሉ፣ መገጣጠሚያዎቹን የሳሙና ውሃ ቀቡ፣ አረፋውን ተከተሉ። ወደ ውጭ የሚተነፍስ ብሎው ኦፍ ቫልቭም (ፔዳሉ ሲለቀቅ የቱርቦውን ትርፍ አየር የሚለቀው) ያው ችግር ነው። ድምፁ ደስ ይላል፣ ፔዳሉን ስትለቁ ግን ሞተሩን ያጠፋባችኋል። የለቀቀው አየር ወደ ቱርቦው መግቢያ በቱቦ ይመለስ።

8. ኢሲዩውን መጨረሻ ላይ ጠርጥሩ

ኃይሉ፣ ማሳውና እያንዳንዱ ሲግናል ኢሲዩው ፒን ላይ ትክክል ሆኖ ሳለ ኢሲዩው ኢንጀክተር ወይም ኮይል ካላዘዘ፣ ያኔ ችግሩ እሱ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ከሚሠራ ተመሳሳይ መኪና ተውሳችሁ ሞክሩ። የኤስ13 ኢሲዩ ለኤስ13 ሞተርና ሽቦ መሆኑን፣ የማንዋል ወይም የአውቶማቲክ መሆኑንም አረጋግጡ።

ሲስተካከል ኮዱን አጥፉ፣ ጥሩ መንገድ ንዱት፣ ተመልሳችሁ እንደገና አንብቡ። 55 ካለ ገመዶቹን ከቱርቦውና ከጭስ ማውጫው አርቃችሁ እሰሩ፣ የቀየራችሁትን ሽቦ ቀለምና የፒን ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ መኪናው ውስጥ አስቀምጡ።