አዲስ ሃይብሪድ መኪና ነዳጅ እንዲቆጥብ እንዴት ይነዳል? (ዳገትና ቁልቁለት ለማይቀርለት ሰው)

መኪናዋን ስረከብ ሻጩ «በሊትር 25 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፣ ማደያ የት እንዳለ ራሱ ትረሳለህ» ብሎኝ ነበር። የመጀመሪያውን ወር ጨርሼ ሳሰላው 15 ከምናምን ወጣ። አሮጌዋ መኪናዬ 11 ትሄድ ስለነበር መሻሻሉ አይካድም፤ ግን ያን ሁሉ ብር የጨመርኩት ለዚህ ነው ብዬ አንጀቴ አረረ። ዛሬ ያቺው መኪና በዚያው መንገድ 19፣ ሲቀናኝ 20 ትሰጠኛለች። አንድም ዕቃ አልቀየርኩም። ልዩነቱን ያመጡት በተለይ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የማደርገውና ቁልቁለት ከመጀመሬ በፊት ባትሪው ውስጥ የምተወው ባዶ ቦታ።

የምኖረው ሱሉልታ፣ የምሠራው ፒያሳ አካባቢ ነው። ጠዋት መጀመሪያ ወደ እንጦጦ ሰንሰለት ጫፍ እወጣለሁ፣ ከዚያ እስከ አዲሱ ገበያ ቁልቁል ነው። ማታ ደግሞ ግልባጩ። ለገጣፎ፣ ቡራዩ ወይም ቱሉ ዲምቱ ያላችሁ በራሳችሁ መንገድ ልክ አድርጋችሁ አንብቡት። የማወራው ሶኬት ላይ ስለማይሰካው ሃይብሪድ ነው፤ የነዳጅ ሞተርም ባትሪና የኤሌክትሪክ ሞተርም ስላለው መኪና ማለት ነው። ዝም ብዬ «ሞተሩ» ስል የነዳጁን ነው።

1. መጀመሪያ በራሳችሁ ለኩ

ዳሽቦርዱ ላይ የሚታየውን ቁጥር አትመኑ፤ የኔዋ ሁልጊዜ በሊትር አንድ ኪሎ ሜትር ያህል አብልጣ ታሳያለች። ሙሉ አስሞሉ፣ ማሽኑ ጠቅ ብሎ ሲቆም በቃ በሉ (ቀጂው ሂሳቡን ድፍን ብር ለማድረግ ትንሽ ልጨምር ሲል ከልክሉት)፣ የጉዞ መቁጠሪያውን ዜሮ አድርጉ። በሚቀጥለው ሙሉ ስታስሞሉ የሄዳችሁትን ኪሎ ሜትር ለገባው ሊትር አካፍሉ። የአንድ ጊዜ ውጤት ያሳስታል፣ የሦስት አራቱን ኪሎ ሜትርና ሊትር ደምራችሁ አካፍሉ። ተሰልፋችሁ ቆይታችሁ «ዛሬ ሙሉ የለም» ብትባሉም ሂሳቡ አይበላሽም፤ የገባውን እየደመራችሁ ቆዩና ሙሉ በተገኘ ቀን አስሉት። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ነዳጅ የሚከፈለው በስልክ ስለሆነ የከፈላችሁት ብር ከነቀኑ ቴሌብር ውስጥ ተቀምጧል፤ ለሊትሩ ዋጋ ማካፈል ነው። እኔ ደብተሩን የተውኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ሻጩ የነገረኝ ቁጥር የመኪና ነዳጅ ፍጆታ ከሚለካበት የፈተና ክፍል የመጣ ነው። ደብሊው ኤል ቲ ፒ የሚባለው ፈተና 30 ደቂቃ ይፈጃል፣ ርቀቱ 23 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መኪናው በ23 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ በሚሽከረከር ብረት ላይ ቆሞ ነው «የሚሄደው»። ከሱ በፊት የነበረው ኤን ኢ ዲ ሲ 20 ደቂቃም አይሞላም። በሁለቱም ዳገት የለ፣ ኮረኮንች የለ፣ የኅዳር ውርጭ የለ። ደግሞ መኪናው ገና ከካርቶን የወጣ ያህል አዲስ ከሆነ በመጀመሪያው ውጤት አትደናገጡ፤ አዲስ ጎማ ከተበላው ይልቅ ይይዛል፣ የሞተሩም ብረቶች ገና አልተላመዱም።

2. ጠዋት ግቢ ውስጥ አታሙቁት

አባቴ ቮልሱን ሳያሞቅ ከበር አይወጣም ነበር፤ ልማዱን የወረስኩት ከሱ ነው። ሃይብሪዷን አስነስቼ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ሻይ ጠጥቼ እስክመጣ አሥር ደቂቃ ግቢ ውስጥ ትቆማለች። በብርድ ስትነሳ ሞተሩን የምታሠራው ውሃው እንዲሞቅና የጭስ ማጣሪያው እንዲግል ነው፤ እግረ መንገዷን ትርፉን ጉልበት ወደ ባትሪ ትከታለች። እንግዲህ አንድ ሜትር ሳልሄድ ነዳጅ አቃጥላለሁ፣ በዚያ ላይ ባትሪዬ ጢም ብሎ ነው ከግቢ የምወጣው። ባትሪው ሞልቶ መውጣቱ ምን እንዳመጣብኝ ቀጥሎ ታነቡታላችሁ።

አስነሱ፣ ቀበቶ እሰሩ፣ ውጡ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትሮች ሳትጫኗት ንዱ፤ ሞተር ቆሞ ከሚሞቀው እየሄደ ቶሎ ይሞቃል።

ማሞቂያውም ከዚህ ጋር ነው። በአብዛኛው ሃይብሪድ ላይ የውስጥ ማሞቂያው ሙቀት የሚያገኘው ከሞተሩ ውሃ ስለሆነ፣ በብርድ ከከፈታችሁት መኪናዋ ቆማም ሞተሩ አልጠፋም ይላል። ባለቤቴ «እኔ በርጄ አንተ ነዳጅ ልትቆጥብ!» ብላ ሁለት ቀን አኩርፋኛለች። አሁን ጋቢ መኪናው ውስጥ ይኖራል፤ ሞተሩ እስኪሞቅ ትደርበዋለች።

ዳቦ ቤት፣ ወተት፣ ልጅ ማድረስ፤ እነዚህን ለየብቻ አትውጡባቸው። በእያንዳንዷ ጉዞ ሞተሩ እንደ አዲስ ይሞቅና ልክ ሲሞቅ እናጠፋዋለን። ለአንድ ኪሎ ሜትር እግርም አለ።

3. ቁልቁለቱ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይሄን ውሰዱ።

እግራችሁን ከነዳጅ ስታነሱ ወይም ፍሬን ለስለስ አድርጋችሁ ስትይዙ የኤሌክትሪክ ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ይለወጥና የጎማውን ጉልበት ወደ ባትሪ ይመልሳል። ይሄን ሻጩም ይነግራችኋል። ባትሪው ትንሽ መሆኑን ግን አይነግራችሁም። የዚህ ዓይነት ሃይብሪድ ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ እሱንም ኮምፒውተሩ ለባትሪው ዕድሜ ብሎ ከላይም ከታችም ያስተርፍና መሃሉን ብቻ ይጠቀማል። አሁን ሂሳቡን እዩት። 1,400 ኪሎ የምትመዝን መኪና 300 ሜትር ከፍታ ስትወርድ የምትለቀው ጉልበት 1.1 ኪሎ ዋት ሰዓት ይመጣል። ንፋሱና ጎማው የሚበሉትን ቀንሱ፤ የተረፈው ብቻ ባዶውን ባትሪ ለመሙላት አያንስም። ሞልቶ ከጀመራችሁ ግን ማስገቢያ የለውም።

ሲሞላ ታውቁታላችሁ። በዝምታ ስትንሸራተት የነበረችው መኪና ድንገት ሞተሯ ይጮሃል፣ ነዳጅ ሳትነኩ። የመጀመሪያ ቀን ካምቢዮ የፈረሰ መስሎኝ ዳር ይዤ ቆሜ ኮፈኑን ከፍቻለሁ። ምንም አልሆነችም። ትርፉን ጉልበት የምታራግፍበት አጥታ ሞተሩን ያለ ነዳጅ እያሽከረከረችው ነበር። ነዳጅ አቃጥዬ የወጣሁት ዳገት ነው እንደዚያ እየጮኸ አየር ላይ የሚበተነው።

ስለዚህ ጫፉ ላይ ስትደርሱ ባትሪው የጎደለ ይሁን። ሱሉልታ ከተማን የሚያቋርጠው መንገድ ሜዳ ነው፤ ሞተሩ ሞቆ ከሆነ እዚያ እግሬን ላላ አድርጌ በኤሌክትሪክ እሄዳለሁ፣ ዳገቱ ላይም ባትሪው ሞተሩን ያግዛል። ጫፉ ላይ ባትሪው ሁለት ሦስት መስመር ብቻ ካሳየ ተሳክቶልኛል ማለት ነው፤ አዲሱ ገበያ ስደርስ ሞልቶ ይገኛል፣ ከዚያ እስከ ፒያሳ ያለውን መጨናነቅ ግማሹን በነጻ እሄዳለሁ። መኪናዋን በኤሌክትሪክ ብቻ የምታስኬደውን «ኢቪ» የምትል ቁልፍ ሌላ ቦታ ላይ እየተጫኑ ማስገደድ ግን አያዋጣም። ያለ ምክንያት የጨረሳችሁትን ባትሪ መልሶ የሚሞላው ሞተሩ ነው፣ በነዳጅ፤ ነዳጁ ኤሌክትሪክ ሆኖ ኤሌክትሪኩ ተመልሶ ጉልበት እስኪሆን ድረስ ደግሞ በየደረጃው ይቀነስለታል። ቁልቁለት ከፊታችሁ ካለ ብቻ ተጠቀሙባት።

ፍሪ አድርጋችሁ አትውረዱ። ይሄን ሁለት ሳምንት ሙሉ ያደረግኩት እኔ ነኝ። በአሮጌዋ መኪና ቁልቁለት ሳገኝ ፍሪ መልቀቅ ልማዴ ነበር። ሃይብሪድ ላይ ግን ማርሹ «ኤን» ከሆነ ባትሪው ጭራሽ አይሞላም። ወርጄ ስጨርስ የባትሪው መስመር ከነበረበት ንቅንቅ አላለም፤ መኪናዋን የያዛት ፍሬኑ ብቻ ስለነበር የፍሬን ሸራው ሽታ በተዘጋ መስኮት ገብቶ አፍንጫዬን ይሰነፍጠኝ ነበር። ከኋላዬ የጫነ ሲኖ ትራክ፣ ከፊቴ ሚኒባስ። አሁን ሳስበው ይዘገንነኛል።

ሌላኛዋ ስሟ ያሳሳተኝ የማርሽ ቦታ «ቢ» ናት። አንድ ወዳጄ «ቢ ባትሪ ትሞላለች» ብሎኝ መሃል ከተማ ሳይቀር በሷ ስነዳ ከረምኩ። ቢ መኪናዋን የምትይዘው ሞተሩን በማሽከርከር ጭምር ነው፤ ወደ ባትሪ ሊገባ ከሚችለው ላይ ሞተሩ የራሱን ይቆርሳል። የቢ ቦታዋ ረጅም ቁልቁለት ነው፣ ባትሪው ሞልቶ ፍሬኑ እንዳይግል ሲፈለግ። በቀረው ጊዜ «ዲ» ላይ ተዉት።

ማታ ሁሉም ይገለበጣል፤ ዳገቱ ሥር ስትደርሱ ባትሪው ደህና ይዞ ቢሆን ጥሩ ነው። 300 ሜትር ከፍታ መውጣት ከሜዳው ፍጆታ በላይ ሲሶ ሊትር ያህል ይጠይቃል፣ ከዚህ ማምለጫ የለም። በዚህ ላይ በኛ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ባሕር ጠለል ላይ ካለው ጉልበት ሩብ ያህሉን ያጣል። ከሚኒባስ ጋር እልህ ከያዛችሁ ሞተሩ ይጮሃል፣ ባትሪው ዳገት መሃል ያልቃል፣ ሚኒባሱም ይቀድማችኋል። ቀኝ ይዛችሁ ባንድ ፍጥነት ውጡ።

4. ከተማ ውስጥ

ሩቅ እያያችሁ ፍሬኑን ቀደም ብላችሁ ለስለስ አድርጋችሁ ያዙ፤ ድንገት ከረገጣችሁት የሚሠራው ሸራው ነው፣ ባትሪው ብዙም አያገኝም። ስትነሱ ደግሞ አትጎተቱ። ነዳጅ ልቆጥብ ብዬ ከመብራት ስነሳ እየተንፏቀቅኩ የኋላውን ሁሉ ጥሩምባ አስነፋሁ እንጂ ያተረፍኩት የለም። ደህና አድርጋችሁ ተነሱ፣ የምትፈልጉት ፍጥነት ላይ ስትደርሱ እግራችሁን ቀለል አድርጉ፣ ያኔ ሞተሩ ራሱ ይጠፋል። «ኢኮ» የሚባለው ቁልፍ የነዳጅ ፔዳሉን ደንዘዝ፣ ኤሲውን ቀነስ ያደርጋል፤ እግሩን ለሚያዝዝ ሰው ብዙም አይጠቅምም።

5. ጎማ

ትክክለኛው ቁጥር ያለው በሹፌሩ በር ጠርዝ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ነው። የኔው 230 ኪሎ ፓስካል ይላል፣ በጎሚስታው መለኪያ 33 ማለት ነው። የሰፈሬ ጎሚስታ ግን ሳይጠይቀኝ 28 ያደርገው ነበር፤ «ጋሼ፣ ለኮረኮንቹ ለስለስ ይበል ብዬ ነው» ይለኛል። ሌላው ደግሞ 40 ሞልቶልኝ ኮብልስቶኑ ላይ አንጀቴን አራገፈኝ። ከዚያ በኋላ የራሴን መለኪያ ገዛሁ፤ ለመኪናዋ ከገዛሁት ሁሉ ዋጋው ርካሽ ሆኖ የበለጠ የጠቀመኝ እሱ ነው። ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ለኩ። ወደ አዳማ ስትወርዱ መለኪያው አንድ ተኩል ያህል ቢቀንስባችሁ ጎማው ተነፈሰ ብላችሁ አትሩጡ፤ የውጪው አየር ግፊት ስለጨመረ ነው።

አዳማ ካልን አይቀር፣ ፈጣኑ መንገድ ላይ ሃይብሪድ ከሌላው መኪና ያን ያህል አይሻልም። ፍሬን መያዝ የለም፣ የሚመለስ ጉልበት የለም። በ120 ስትሄዱ የንፋሱ ግፊት በ90 ከነበረው በ78 በመቶ ይበልጣል፤ ላያችሁ ላይ ባዶ ፖርቶ መጋላ ካለማ ይብሳል። ፍቱት።

6. ዘይትና የባትሪው መተንፈሻ

የመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍ ለሞተሩ 0 ደብሊው 20 ወይም 0 ደብሊው 16 የሚባለውን ቀጭን ዘይት ካለ ያንኑ አስገቡ። አንድ ጋራዥ «ለዳገት ወፍራም ይሻላል» ብለው 20 ደብሊው 50 ሞልተውልኝ፣ በሊትር አንድ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ እስክቀይረው ድረስ አጥቻለሁ። ቆማችሁ አስቀዱ፣ ቆርቆሮውን አንብቡ።

መተንፈሻው በብዙ ሞዴሎች ኋላ ወንበር ጎን ወይም ሥሩ ነው፤ ባትሪውን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ አየር የሚስበው በሱ በኩል ነው። ከጫንጮ ግማሽ ኩንታል ጤፍ ኋላ ወንበር ላይ ጭኜ ስመለስ ማራገቢያው እንደ ፀጉር ማድረቂያ ይጮህ ጀመር፣ መብራት ላይ ቆሜም ሞተሩ አልጠፋ አለ። ባትሪው ሲግል ኮምፒውተሩ ብዙ እንዳይሠራ ያግደዋል፣ ሸክሙን ሞተሩ ይወስዳል። ጆንያው አፉን ደፍኖት ነበር። ቤት ደርሼ መከለያውን ሳነሳ ወንፊቱ በሱሉልታ አቧራ ታጅሎ፣ መሃሉ ላይ ከጆንያው የፈሰሰ የጤፍ ፍሬ ተደርድሯል። አሁን በየሦስት ወሩ በለስላሳ ብሩሽና በአቧራ መምጠጫ አጸዳዋለሁ። ውሃ አታስነኩት። ከወንፊቱም አልፋችሁ አትክፈቱ፤ ብርቱካናማ ሽቦ ካያችሁ እጃችሁን መልሱ፣ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ነው።